የሞተሩ ክዳን

ያን ቀን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሄድኩት ሞተር ላስጠግን ነው። ለባሌ ያልኩት እንደዚያ ነው። ውሸቴን ነው። እኔ የፈለግኩት አንድ ባለሙያ ከፍቶ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «ይሄ ነገር አብቅቶለታል» እንዲለኝ ነበር። ከዚያ ሌላ ገዝቼ፣ «ምን ላድርግ፣ አይሆንም አሉኝ» ብዬ እመለሳለሁ። ስንጋባ ባሌ የሰጠኝን የማህር ወርቄን በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬ የመጣሁት ለዚሁ ነበር።

ሞተሩ የጀልባ ሞተር ነው። መርካቶ ተወልጄ፣ ውሃ የማውቀው በጀሪካን ብቻ ሆኖ አድጌ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያሻግር ሰው አገባሁ። ሞተሩን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ እስኪሞቱ ነዱበት፣ እሱ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ጨዋ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ጠባይ ያወጣል፤ ያኔ ሞተር ከቆመ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። ባሌ ደግሞ፣ ማን ያምነኛል፣ ዋና አይችልም። «እኔ የምሠራው ውሃ ላይ ነው እንጂ ውሃ ውስጥ አይደለም» ይላል። ወላሂ፣ እንዲህ ሲል በያዝኩት ጭልፋ ባቀምሰው ደስ ባለኝ።

በክረምቱ መግቢያ ሞተሩ መሀል ሐይቅ ላይ ቆመበት። ሳምንት ሳይሞላ ደገመው። በሁለተኛው ቀን የማስነሻውን ገመድ ሲጎትት ሲጎትት ትከሻው ወለቀና ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ።

«ሁለቴ ብቻ እኮ ነው የቆመው» አለኝ። «አርጅቷል እንጂ አልሞተም።»

ወጌሻው ለጥቂት ሳምንት እንዳይሠራ ስላሉት ቤት ዋለ። እሱ ቤት ተቀምጦም እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሥራዬን ጥዬ በሩን ከፍቼ ነፋሱን አያለሁ። ትከሻው ሲድን በዚያው ሞተር እንደሚመለስ አውቃለሁና እንቅልፍም አልነበረኝ። ስለዚህ «እኔ ልውሰደውና ላስጠግነው፣ የሰፈሬን ሰው አውቃለሁ» አልኩት። አመነኝ።

በጆንያ ጠቅልዬ መኪና ጣሪያ ላይ አስጭኜ መጣሁ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ስወርድ የተሸከመልኝ ሰው «እናቴ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው፣ አስከሬን ነው እንዴ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። «አፍህን ሰብስብ!» አልኩት።

ጠጋኙ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጅ ሆኜ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩን ጄኔሬተር ሁሉ የሚያስነሱት እሳቸው ነበሩ። የረሳሁት የምናለሽ ተራን ጠባይ ነው። እዚያ አንድ ዕቃ «አይሠራም» ማለት ነውር ነው፤ በተለይ ለጋሼ።

«ጋሼ፣ ራስዎን አያድክሙ፤ በጣም ያረጀ ነው» አልኩ፣ ገና ጆንያው ሳይፈታ።

«ዕድሜውን ማን ጠየቀሽ? ይልቅ ይሄን ያዢልኝ።»

የላይኛውን ክዳን አንስተው፣ ገልብጠው እንደ ሳህን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። የፈቱትን ብሎን ሁሉ እዚያ ውስጥ ይጥላሉ። እኔ ክዳኑን ታቅፌ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፊታቸውን እያየሁ ፍርድ እጠብቃለሁ።

«የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ አይደል?»

«ትንሽ ተበልቷል። ይተካል።»

«ካርቡሬተሩስ?»

«ቆሽሿል። ይታጠባል።»

«ካንዴላውስ?»

ቀና ብለው በመነጽራቸው ላይ አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺ የመጣሽው ልታስጠግኚው ነው ወይስ ልታስቀብሪው?»

ወርቄን የቋጠርኩበትን የሻርፔን ጫፍ ወደ ጉያዬ ሸሸግኩ።

ከሰዓት በኋላ በርሜል አምጥተው በጀሪካን ውሃ አስሞሉ፤ ይሄ ሞተር ያለ ውሃ ከተነሳ ራሱን ያቃጥላል። ጭራውን በርሜሉ ውስጥ ነክረው ገመዱን አንዴ ሳቡት። ተነሳ! አንዴ ብቻ! ውሃው ተንተከተከ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ። አንዱ «ማሻአላህ!» ይላል፣ ሌላው «ጋሼ እኮ ናቸው!» ይላል። እኔ እንኳ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ራራ። የአባቱ ነው። ድምፁም ያማረ ነው። ይሁን፣ ይዤው ልመለስ፣ ወርቄም ይትረፍ አልኩ በሆዴ።

ጋሼ አጥፍተውት ብሎኖቹን ከጭኔ እያነሱ መመለስ ጀመሩ። ክዳኑ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ከሥሩ የሆነ ጭረት አየሁ። በአውራ ጣቴ ጥቀርሻውን ጠረግ አደረግኩት። በሚስማር የተጫረ ነው፤ አራት ቁም መስመር፣ አንድ ደግሞ በላያቸው የተሠረዘ፣ እንዲህ እየተባለ አምስት አምስት ሆኖ ተደርድሯል። ቆጠርኩት። ሃያ ሰባት።

«ዘይት የቀየረበትን ይሆናል የቆጠረው» አሉ ጋሼ። «ጠንቃቃ ሰው ነው።»

እኔ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት አየሁ። ገና ነጭ ናቸው፤ ጥቀርሻ አልነካቸውም። «ሁለቴ ብቻ እኮ ነው የቆመው» ያለኝ ትዝ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩለት።

«ክዳኑ ውስጥ የጫርከው ምንድን ነው?»



«ቆጠርሽው?» አለ።

«ሃያ ሰባት ነው።»

«የቆመበት ነው።»

«ሁለቴ ነው የቆመው አላልከኝም?!»

«በሁለቱ ቀን ሰው አየኝ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው የነገርኩሽ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትቆጥረው?»

«ሃያ ሲሞላ እተወዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ሃያ ሰባት ነው እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ሰው ፊት የማይባል ነገር ነው ያልኩት። ስልኩን ዘግቼ እዚያው በርጩማው ላይ አለቀስኩ። ሃያ አምስት ቀን «እንዴት ዋልክ?» ብዬው «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና» ብሎ እጁን ታጥቦ ራቱን በልቷል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ በልቻለሁ።

ጋሼ ሁሉንም ሰምተዋል። የያዙትን ብሎን አስቀመጡ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እርስዎ በዚህ ሞተር ልጅዎን ይዘው ይሻገራሉ?»

በርሜሉን አዩት።

«እኔ በርሜል ውስጥ ነው ያስነሳሁት፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ጋ ነፋስ የለም።»

ጨርቅ አንስተው እጃቸውን ጠረጉና ተነሱ። የውሃ ፓምፕና የጀልባ ሞተር የሚያስመጣ ነጋዴ ሱቅ ራሳቸው ወሰዱኝ። ነጋዴው «ከነካርቶኑ አዲስ ነው፣ ምኑ ያስጠረጥራል?» ቢል «ዝም ብለህ አሸክም» ብለውት፣ ወደ ቦታቸው አስመልሰው በዚያው በርሜል ውስጥ ሦስቴ አስነስተው ሦስቴ አጠፉት። ለአራተኛው ጊዜ ገመዱን እኔን አስጎተቱኝ። ወርቄን ፈታሁ።

ለባሌ እንደገና ደወልኩ። መዋሸት አስጠልቶኝ ነበር። «የአባትህ ሞተር ተጠግኗል፤ ይሠራል» አልኩት። «እኔ ግን ሌላ ገዛሁ። ያንኛውን ጋሼ ጋ ትቼዋለሁ። አንተን ይዞ ሁለተኛ አይወጣም።» ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። «እሺ» አለ ብቻ። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

አዲሱን ከገጠመ ሦስት ሳምንት ሆነው። እኔ ያው ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩን እከፍታለሁ። አንድ ቀን ነፋሱ ብሶ አሥር ሰዓት አለፈ፤ ስልኩ አይነሳም። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ባሌ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ የአዲሱን ሞተር ክዳን በብብቱ ይዞ መጣ። ሰላም እንኳ አላለኝም። ክዳኑን ገልብጦ እግሬ ሥር አስቀመጠው።

«ዛሬ አረም ተጠምጥሞበት አንዴ ቆመ» አለ።

«ማን አየህ?»

«ማንም» አለና ከኪሱ ሚስማር አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው።

ክዳኑን ወደ ጭኔ ስቤ አንድ መስመር ጫርኩ።