የፈንግሉ ገጽ

የዚያን ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ እንደ ወትሯችን በራፋችን ላይ ተቀምጠን ነበር። እኔ ምስር እለቅማለሁ፤ ልጄ ታነባለች፤ የባሌ እናት ግድግዳውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። ቤታችን መርሳ ነው፤ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ከወልድያ ወደ ደሴ የሚሄደው፣ ከደሴም ወደ ወልድያ የሚመለሰው መኪና ሁሉ በጆሯችን ነው የሚያልፈው። አሮጊቷ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መንገዱን የሚያዩት በጆሯቸው ነው።

ልጄ ገጹን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት አሮጊቷ እጃቸውን አነሱ። ንባብ አቋርጠው አያውቁም።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ዛሬ ከጧት ጀምሮ ወደ ወልድያ ያለፈ መኪና ሰምታችኋል?»

ሰፌዱን አስቀምጬ እስከ መንገዱ ሄድኩ። መኪናው ለጉድ ነው፤ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ባጃጁ ሳይቀር። ፍራሽ የጫነ፣ ፍየል የጫነ፣ ሰው በሰው ላይ የጫነ። ሁሉም ፊቱ ወደ ደሴ ነው። ወደ ወልድያ የሚሄድ አንድም የለም። ስለ ጦርነቱ በወሬ ከሰማን ቆይተናል፤ ቆቦ ደረሰ ሲሉ፣ ወደ ወልድያ ተጠጋ ሲሉ፣ ወሬ ነው ብዬ ምስሬን እለቅም ነበር። ያንን ባዶውን የመንገድ ወገን ሳይ ግን ዞሬ ወደ ቤት ሮጥኩ። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ነጎድጓድ ሲመታ እንኳ ልጄን አቅፌ የምደበቀው እኔ ነኝ።

ስለ ንባቡ አስቀድሜ ካልተናገርኩ ኋላ የሆነው ነገር አይገባም።

እኔ ሁለተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው ትምህርት ያቆምኩት። ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ጠፋና ወፍ ላባርር ማማ ላይ ወጣሁ፤ ከማማው ስወርድም ወደ ትምህርት ቤት የመለሰኝ የለም። ፊደሉን አልረሳሁትም። ግን ፊደል ማወቅና ማንበብ ለየቅል ናቸው። ባጃጅ ላይ ሆኜ የሱቅ ስም ማንበብ ስጀምር፣ ሳልጨርሰው ሱቁ ያልፋል።

ባሌ ከሞተ በኋላ እኔ፣ ልጄና እናቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ቀረን። እኔ ብርቱካንና ማንጎ ገበያ አወጣለሁ። ላም አለችን። ውሃው፣ ጭዱ፣ ወፍጮው፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ፤ የሴት ሥራ መቼ ያልቃል። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ስትገባ በቀን አንድ አንድ ገጽ እናንብብ አለችኝ። ሳቅሁባት፤ በየትኛው ሰዓት? ማታ ሞከርን፤ ገና ሁለት መስመር ሳትሄድ እኔ አንኮራፋሁ። ጧት ሞከርን፤ ላሟ ጮኸች። ሰዓቱን ያገኙልን አሮጊቷ ናቸው። ከዐስር በኋላ ላሟ እስክትገባ ድረስ ሥራ ያለው እጅ ነው እንጂ ጆሮማ ቦዝኗል፤ እጃችሁ ይልቀም ጆሯችሁ ይስማ አሉን። በዚያው ጸና። ልጄ ታነባለች፣ እኔ እለቅማለሁ። ከዚያ ሰፌዱን ትቀበለኝና የመጨረሻዋን አንቀጽ በጣቴ እየተከተልኩ እኔ እደግማለሁ። ሠርግ ከሆነ ግማሽ ገጽ፣ ለቅሶ ከዋልን አንዲት መስመር። ጭራሽ የቀረበት ቀን ግን የለም፤ አሮጊቷ አያስቀሩትማ። ከገበያ ደክሞኝ ስገባ እንዴት ዋልሽ ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ «ገጹስ?» ይሉኛል።

መጽሐፉ ስለ ዶሮ እርባታ ነው። የግብርና ሠራተኛዋ ለባሌ ሰጥታው እቤት የቀረ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ሌላ ስላልነበረን እሱኑ ጀመርን፤ ጨርሰነው እንደገና ከመጀመሪያው ይዘነው ነበር። አይጥ እንዳይበላው በፌስታል አድርገን ሚስማር ላይ እንሰቅለዋለን።

የእኛ አገር ሰው ወዳጃ ላይ ተሰብስቦ ዱዓ ሲደረግ ለእያንዳንዱ ምርቃት አሚን ይላል። አሮጊቷ በዚህ ያረጁ ናቸውና ገጹ ባለቀ ቁጥር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ። የዶሮ ቤት በር በየት በኩል ይሁን? አሚን። የገብስና የበቆሎው ድብልቅ? አሚን። ልጄ መጀመሪያ ሰሞን ልታርማቸው ሞክራ ነበር።

«እምዬ፣ ይኼ እኮ ዱዓ አይደለም። የዶሮ ምግብ ነው።»

«የጻፈው ሰውዬ ዶሮዋ እንድትጠግብ አልተመኘም?»

«ተመኝቷል።»

«እንግዲያ አሚን ነው። አሚን ያልተባለለት ነገር ሜዳ ላይ ነው የሚቀር።»

ከዚያ ወዲያ እኛም አብረን አሚን ማለት ጀመርን። እኔ በሆዴ አደንቃቸው ነበር። ፊደል የሚባል ሳይቆጥሩ እኛን ሁለታችንን በንባብ ያቆዩን እሳቸው ናቸው።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ከመንገዱ እየሮጥኩ ስመለስ ፍራፍሬ የምናስረክበው ነጋዴ አይሱዙውን ከደጃችን አቁሞ ሰው ሲጭን ደረስኩ። አሮጊቷ በእግር አንዲት ሰፈር አይሄዱም፤ እሳቸውን ሲያይ ራሱ ወርዶ አቅፎ አወጣቸው። ልጄን ብርድ ልብሱን ይዘሽ ከጎናቸው ውጪ አልኳት። እኔም ልወጣ እግሬን ሳነሳ ላሟ ትዝ አለችኝ። ጓሮ እንደታሰረች ናት። የታሰረ ከብት ትቶ መሄድ በእኛ ዘንድ ግፍ ነው፤ ኋላ በራስ ላይ ይደርሳል ይባላል። ነጋዴውን ትንሽ ጠብቀኝ ብዬው ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ላሟን ፈትቼ ወደ ጎረቤታችን ጎተትኳት። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፤ ለእኔ ግን ከእህት አትተናነስም። ባሏ አልጋ ላይ ስለሆነ የትም አልሄድም ብላ ቁጭ ብላለች። አደራሽን አልኳት። ገመዱን ተቀበለችኝና በእናትሽ አሁን ሂጂ ብላ ገፈተረችኝ። በዚያው ቅጽበት ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ጮኸ። ሰው ሁሉ ተራወጠ። እኔ ደጄ ስደርስ አይሱዙው የለም።

በነጋዴው አልፈርድም። ያን ያህል ሰው ጭኖ በምን አንጀቱ ይቁም። ግን ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ። ልጄ ገና ልጅ ናት፤ አሮጊቷ ያለ ደጋፊ አይቆሙም፤ ሁለቱም ከመርሳ ወጥተው የት እንደሚወርዱ የሚያውቅ የለም። ስልክ የለኝም፤ ቢኖረኝም ኔትወርኩ ጠፍቷል። ወደ ቤት ገባሁ። ብርድ ልብሱ መደቡ ላይ እንደታጠፈ ነው። ሚስማሩን ባይ ፌስታሉ የለም።

ያኔ ልጄን ያልረገምኳት አላህ ጠብቆኝ ነው። የአሮጊቷን ብርድ ልብስ ትታ የዶሮ መጽሐፍ ይዛ ሄደች እያልኩ፣ ብርድ ልብሱን በጀርባዬ አዝዬ፣ እያለቀስኩ ወደ ውርጌሳ መንገድ ጀመርኩ።

መንገዱ ሰው ብቻ ነበር። ግራና ከምትባለው ከተማ በኩል የመጡም ተቀላቀሉን። ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ብርቱካን የሚጭን አይሱዙ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ ማየት የተሳናቸው አሮጊት፣ ፌስታል የያዘች ልጅ። አንዷ ሴትዮ በፌስታሉ ምን ይዛለች አለችኝ። ዶሮ አልኳት፤ መጽሐፍ ማለት አሳፈረኝ። ስንቱ ዶሮ የያዘ አልፏል እህቴ አለችኝና ሄደች። ከኋላችን መሣሪያው በጮኸ ቁጥር ብርድ ልብሱን ጭንቅላቴ ላይ እጎትተዋለሁ፤ ጥይት የሚመልስ ይመስል።

ውርጌሳ በሰው በረንዳ ላይ አድሬ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ መኪና ስለምን ዋልኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እጄ ሰፌድ ሲፈልግ ያዝኩት። ዐስር አልፏል። የዛሬው ገጽ የት ነው ያለው? ከፊቴ የአንድ ሱቅ ታፔላ ነበር። ቁጭ ብዬ በጣቴ አየሩን እየተከተልኩ አነበብኩት። ባጃጅ ላይ ስላልነበርኩ ሳያልፈኝ ጨረስኩት፤ የሸቀጣሸቀጥ ሱቅ ነው። ሌላ ነገር የለውም። ሰው እንዳይሰማኝ በዝግታ አሚን አልኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ግን ለቅሶዬ ቆመ። አሮጊቷ ቀን እንዳይቀር ለምን እንደሚያስጨንቁን ያን ጊዜ ገባኝ መሰለኝ። የሰው ቤት በረንዳ ላይ ሆኜም የቤቴ ሰዓት አልጠፋኝም።

እህል የጫነ መኪና አዝኖልኝ ሐይቅን አልፌ ደሴ ገባሁ። ተፈናቃዩ በየትምህርት ቤቱ ነው ያረፈ አሉኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ሰነበትኩ። በእያንዳንዱ በር ላይ ስማቸውን ተናገርኩ፤ በየክፍሉ አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ዝም ብሎ የሚያየኝ ፊት ሲበዛብኝ፣ አንዳንዴ ሳልጠይቅ በፊት እመለሳለሁ። ማጣቴን ሳላውቅ መቆየቱ የሚሻል እየመሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ትምህርት ቤት ግቢ ገባሁ። በመስኮቱ ፍርግርግ ሁሉ ልብስ ተሰጥቷል። በመጨረሻው ክፍል መስኮት ሳልፍ አንዲት ድምፅ ሰማሁ።

«ፈንግል የያዛት ዶሮ ከመንጋው ተነጥላ ትቆማለች፤ ክንፏንም ትጥላለች...»

እግሬ ተተከለ። በራፋችን ላይ የተቋረጠው ገጽ ነው። ልጄ እስከ መጨረሻው ወረደች። ስትጨርስ ክፍሉ ሙሉ ሴት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በአንድ አፍ «አሚን» አለ። ከሁሉ ዘግይታ የወጣችውን ያቺን የተሰነጠቀች አሚን አውቃታለሁ።

ገባሁ። ልጄ መጽሐፉን እንደያዘች ጉልበቴ ላይ ወደቀች። በኋላ የነገሩኝን አሁን ልናገር። አይሱዙው እዚያው ትምህርት ቤት በር ላይ ነው ያወረዳቸው። ገና የመጀመሪያው ቀን አሮጊቷ «ገጹስ?» አሉ። ልጄ የተቋረጠውን ጨርሳ በማግስቱ ልትገለብጥ ስትል ከለከሏት። እናትሽ ያልሰማችው አይታለፍም አሉ። ስለዚህ በየቀኑ ያንኑ ገጽ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አኮረፉ፤ ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ ልጆቻቸውን ዝም እያሰኙ ይጠብቁ ጀመር። አንዷ የወልድያ ሴት እኔን ስታይ፦

«አንቺ ነሽ የዶሮዋ እናት? በአላህ፣ በማርያም፣ ገልብጪልን። በፈንግል ልናልቅ ነው» አለችኝ።

ልጄን ብርድ ልብሱን ለምን ተውሽው ብዬ ልቆጣት ስንት ቀን ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። ቀና ብዬ ሳያት ጠፋኝ። ገና አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጅ አያቷን ደግፋ፣ ክፍል ሙሉ የደነገጠ ሰው በአንድ ሰዓት ላይ አስቀምጣ አቆይታለች። እኔ የወለድኳት ናት ለማለት እንኳ ድፍረት አጣሁ።

አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ሴትዮዋ ድምፅ ዘረጉ።

«ማናት?»

«እኔ ነኝ እናቴ።»

ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። ብርድ ልብሱንም ዳሰሱት፤ የራሳቸው መሆኑን አወቁት። ላሟንስ አሉኝ። ለጎረቤቴ መስጠቴን ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ጎናቸውን መታ መታ አድርገው አስቀመጡኝና ለልጄ «በይ አሁን ገልብጪው» አሏት።

ልጄ ገለበጠችው። የመጨረሻውን አንቀጽ ለእኔ ተወችልኝ። ክፍሉ ሁሉ እየጠበቀኝ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ስለ ክትባት የተጻፈውን ፊደል በፊደል ወጣሁት። አሚን ተባለ።

እነሱ ዘንድ ደርሻለሁ። ልጄም፣ የባሌ እናትም፣ እኔም ደህና ነን።