ከጋብቻ በላይ ያልኩት ፍቅር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች «አባባ፣ ፕላቶኒክ ፍቅር ምንድን ነው?» አለችኝ። ቃሉ የመጣው ከፈላስፋው ከፕላቶ ስም እንደሆነ፣ የጥንት መጻሕፍታችን አፍላጦን የሚሉትም እሱኑ እንደሆነ አስረዳኋት። እሱስ ያለው ፍቅር ከአንድ ሰው ውበት ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ውበት ራሱ ይወጣል ነው፤ ሥጋ የማይነካው ፍቅር ያደረጉት ኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ቃሉን ለምን እንዳዋልኩት ግን አልነገርኳትም።

ሸዋ ሮቢት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንማር ከቀወት ወረዳ ገበሬ ልጅ ከአስካለ ጋር እንዋደድ ነበር። ከትምህርት ስንወጣ ወንዙ ዳር ተቀምጠን ማንጎ እንበላለን። ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ነጋዴ ለአባቷ ሽማግሌ ላከ።

«አባቴ ገና ቃሉን አልሰጠም። ለእሁድ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ አንድ ቀን ወንዙ ዳር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው፤ ሚስት አላማረኝም። አልፈልግሽም ለማለት ደግሞ ወኔ ከዳኝ። ከመጽሐፍ የለቀምኳት ቃል ነበረችኝና «የእኛ ፍቅር ፕላቶኒክ ነው፤ ከጋብቻ በላይ ነው» አልኳት። ያኔ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ከጋብቻ በላይ የሚሰጥ ሰው ጋብቻውንማ እንዴት ይነፍጋል? አስካለ የገባት እንዲህ ነው። አባቷን ለምና የነጋዴውን ሽማግሌዎች አስመለሰች። ለእኔዎቹ ጠላ ተጠመቀ፣ ጎረቤት ተጠራ። እሁድ ዕለት ወፍ የምትጠብቅበት ማማ ላይ ወጥታ፣ ወንጭፏን እንደያዘች መንገዱን ስታይ ዋለች። ከወፍ በቀር የመጣ አልነበረም።

እኔ ደብረ ሲና ዘመድ ቤት ነበርኩ። በዚያ ብርድ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነገሩን ለጓደኞቼ አወራሁላቸው፤ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

አባቷ በሰው ፊት ተዋርዶ ከትምህርት አስቀራት። መንደሩም «ከጋብቻ በላይ» የሚል ስም አወጣላት። ነጋዴው ሌላ አግብቶ ስለነበር፣ በዓመቱ ለአባቷ እኩያ ሰጧት።

ዓምና ለለቅሶ ወደ አጣዬ ስሄድ አውቶቡሱ ሸዋ ሮቢት ቆመ። በመስኮት ማንጎ የዘረጋችልኝ አሮጊት አስካለ ነበረች። ለየችኝ። ድሮ አንተ ነበር የምትለኝ።

«ጋሼ፣ ያ ከጋብቻ በላይ ያሉኝ ፍቅር ምን ላይ ደረሰ?»

ወዲያው አውቶቡሱ ተነሳ። እውነቱን ልናገርና፣ በመነሳቱ ደስ አለኝ። ስሸሻት ይህ ሁለተኛዬ ነው።

የልጅ ልጄ ያስረዳኋትን ሰምታ ስትጨርስ «እንዴት ያለ የሚያምር ቃል ነው፣ አባባ» አለች።

አስካለም የዚያን ቀን ወንዙ ዳር ያለችኝ ይህንኑ ነው።