ፍሊፐር በጆሮዬ ያጫወተችኝ ጦይባ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ የመጣልኝን መልእክት ሲያነብልኝ የተሳሳተ መሰለኝ። ደጋግሜ አስነበብኩት። «ጦይባ ወደ አኼራ ሄዳለች» ነው የሚለው። ከትናንት ወዲያ እኮ ደውላ ስታስቀኝ ነበር። አሁንም ማመን አቅቶኛል።

ለማታውቋት፣ ጦይባ እዚህ ከሚሴ ኮምፒውተር ታስተምር ነበር። ለእኔ ደግሞ ጎረቤቴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያት ስጨቃጨቅ የኖርኩ፣ እንደ እህቴ የምቆጥራት ናት።

ዓይኔ በግላኮማ ከጠፋ በኋላ ከቤት መውጣት ትቼ ነበር። አንድ ቀን መጣችና «ኮምቦልቻ ድሮ የምንጫወትበት ሻይ ቤት ሲዘጋ ፍሊፐሩን አመጣሁት፤ ተነስ እንሂድ» አለችኝ።

ፍሊፐር ያቺ በመስታወት የተከደነች ትልቅ የጨዋታ ማሽን ናት። የብረት ኳሷ ከላይ እየተንከባለለች ስትመጣ፣ በግራና በቀኝ ያለውን ቁልፍ ተጭነህ በትንንሽ ክንፎች እየመታህ ትመልሳታለህ። በወጣትነታችን በዚህ ጨዋታ የሚችለኝ አልነበረም።

«ኳሷን ለማላያት ምን ይሠራልኛል?» አልኳት።

«ትሰማታለህ» አለች።

የማሽኑን አሮጌ ቦርድ አውጥታ ትንሽ ኮምፒውተር ገጠመችበት። ፕሮግራሙን ከዜሮ ጻፈችው። ድሮ ኳሷ የሆነ ነገር ስትመታ የተኩስ ድምፅ ነበር የሚሰማው። መጀመሪያ ያጠፋችው እሱን ነው። «ተኩስ ጠግበናል» አለች።

ከዚያ ስልኳን ይዛ ድምፅ ለቀማ ወጣች። ጨፋ ሜዳ ወርዳ የላም ቃጭል ቀዳች። መናኸሪያው በር ላይ የባጃጅ ክላክስ ቀዳች። ባቲ ገበያ ሄዳ ደግሞ አንድ ግመል ሻጭ በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ኮቱ»፣ ና ና፣ እያለ ገዢ ሲጠራ ቀዳችው።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አልሆነም። ቃጭሉም ክላክሱም ግመል ሻጩም አንድ ላይ ጮኹብኝ። ኳሷ የት እንዳለች ሳላውቅ አመለጠችኝ። ተናደድኩ። «ተይኝ አቦ፣ የሰው መሳቂያ አታድርጊኝ» ብያት ወጣሁ።

ተከትላኝ መጣች።

«የቱ ነው የረበሸህ?»

«ሁሉም።»

«እሺ። ሁሉንም አጥፍቼ ካንተ ጋር አንድ በአንድ እመልሰዋለሁ።»

እውነትም ክረምቱን ሙሉ የደከመችበትን አጠፋችው። እንደገና ስትሠራው ኳሷ በግራ ስትመጣ ቃጭሉ ብቻ፣ በቀኝ ስትመጣ ክላክሱ ብቻ ሆነ። ወደ ክንፉ በቀረበች ቁጥር ድምፁ ይፈጥናል። የማሽኑን ታች ጨፋ፣ ላዩን ባቲ ብላ ሰየመችው፤ ኳሷን ከጨፋ አስነስቶ ባቲ ላደረሰ ሰው ግመል ሻጩ «ኮቱ» ይለዋል፣ ነጥቡም እጥፍ ይሆንለታል።

ለዒድ ማሽኑን ሰፈራችን ሻይ ቤት አስገባችው። ሚኒባስ ሹፌሩ ኑሩ በፍሊፐር ታዋቂ ስለነበር ከእሱ ጋር አጋጠመችኝ። ቤቱ ሞልቷል። አንዱ «ለሱ አንድ ኳስ ይጨመርለት» አለ።

«ሕጉ ለሁላችንም አንድ ነው» አለች ጦይባ። ሰው ሊያዝንልኝ ሲጀምር ሁሌ የምትላት ቃል ነች።

ኑሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንደማልምርህ ታውቃለህ አይደል?» አለኝ።

«ብትምረኝ ነው የምቀየምህ።»

አልማረኝም። ከፍ ያለ ነጥብ ይዞ ጨረሰ፣ ቤቱም አጨበጨበለት። የእኔ ተራ ደረሰ። የመጨረሻዋ ኳስ ላይ ገና ከኋላው ነበርኩ። ቃጭሉ መጣ፣ ፈጠነ፣ በግራ እጄ መታሁ። ግመል ሻጩ «ኮቱ» አለ። ክላክሱ መጣ፣ በቀኝ መታሁ። «ኮቱ» አለ ደግሞ። ላቤ እየወረደ መምታቴን ቀጠልኩ።

ጦይባ ውጤቱን ጮክ ብላ አነበበች። አሸንፌያለሁ። ኑሩ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። ከዚያ የአንገቱን ፎጣ አውርዶ ዓይኑን አሰረና «እኔም እንዲህ ልሞክራት» አለ።

ዛሬ እዚያ ሻይ ቤት ዓይኑን ሳያስር የሚጫወት ሰው እንደ ጀማሪ ነው የሚታየው። ከባቲ ድረስ መጥተው የሚገጥሙኝ አሉ። አብዛኞቹን አሸንፌ ነው የምሸኛቸው።

ጦይባ፣ ዓይኔ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ወንበር አቀረበልኝ። አንቺ ግን ተጋጣሚ አቀረብሽልኝ።

አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይስጥሽ። ከዙህር ሶላት በኋላ ቃሬዛሽን ከሚሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። «አንተ ተቀመጥ» የሚለኝ ሰው ዛሬ የለም።

ነጋቲ፣ በሰላም ሂጂ እህቴ።