ብርቅዬ የጻፈችው ቃለ ጉባኤ

ብርቅዬን የማያውቃት ሰው ዝምተኛ ናት ይላል። ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ባለው የሶፋ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት አብረናት የሠራነው እኛ ግን ይህን ስንሰማ እንስቃለን።

ሥራዋ የሶፋ ልብስ መስፋት ነው፤ የእኔ ደግሞ እንጨቱን መግጠም። ጽሕፈቷ ስለሚያምር ሌላ ሥራ ተጨመረባት፤ የሰኞውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ። ምስጋና የለው፣ ምን የለው።

ሥራ አስኪያጃችን አማኑ ስብሰባ ይወዳል። ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናው ሁሉ ቆሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ እሱ ብቻ ይናገራል፤ ማክሰኞ ደግሞ «ሥራው ለምን ዘገየ?» ብሎ ይጮኽብናል። ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው የወጣበትን ሰዓት ጽፎ እንዲፈርም ያደረገም እሱ ነው። ሐሳብ ስጡ ይላል፤ የሰጠ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲገላመጥ ይሰነብታል። ስለዚህ እኛም «ዝም አይነቅዝም» ብለን ተቀምጠናል። በመጨረሻ ብርቅዬ መዝገቡን ታቀርባለች፣ እሱ ሳያነብ ይፈርማል፣ እኛም ከሥሩ እንፈርማለን። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የምትለዋን አባባል ደግሞ ሳይናገር ስብሰባ አይዘጋም።

የካቲት ላይ አንድ ሆቴል ሠላሳ ሶፋ አዘዘን። ስፖንጅ ቆራጩ ገሜዳ ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ።

«ይሄ አዲሱ ስፖንጅ ስስ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላው ይሰረጉዳል» አለ።

«አንተ ዝም ብለህ ቁረጥ፣ ማን ጠየቀህ! ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አለው አማኑ።

ገሜዳ ቆረጠ። ሚያዝያ ላይ ሶፋዎቹ መሐላቸው ሰርጉዶ ተመለሱ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰኞ የፋብሪካው ባለቤት ሐጂ ጀይሉ ስብሰባው ላይ ተገኙ። ብዙ ጊዜ አይመጡም። አማኑ ብድግ አለና ጥፋቱ የገሜዳ ስለሆነ ከሥራ ይሰናበት አለ። ገሜዳ ቀራንዮ ቤት ተከራይቶ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው።

«እኔ ተናግሬ ነበር» አለ።

«ማን ሰምቶሃል?» አለ አማኑ፣ እኛን አንድ በአንድ እያየ።

ሃያ ምናምን ሰው መሬት መሬት አየ። እኔም አብሬ አየሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያን ጊዜ ብርቅዬ እጇን አወጣች፤ ስብሰባ ላይ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ሐጂ፣ ከፈቀዱልኝ የየካቲቱን ቃለ ጉባኤ ላንብብ።»

«አያስፈልግም! አንቺ የዛሬውን ጻፊ» አለ አማኑ።

«ታንብብ» አሉ ሐጂ።

መነጽሯን አድርጋ ገጹን ገለጠች። ገሜዳ ያለውን እንዳለው፣ አማኑ የመለሰውንም እንደመለሰው አነበበች፤ «ማን ጠየቀህ» የምትለዋ እንኳ አልቀረችም። ሐጂ መዝገቡን ተቀብለው ጣታቸውን ግርጌው ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ፊርማ የማን ናት?»

«የእኔ ናት» አለ አማኑ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደምትል ሰምቻለሁ። በል እንግዲህ ውረሳት! ገሜዳ ወደ ሥራህ።»

አማኑ ግን ከሥራ አስኪያጅነቱ አልተነሣም። በሚቀጥለው ሰኞ መዝገቡን ከብርቅዬ ወስዶ ለቢሮው ጸሐፊ ሰጠ። ስብሰባው ሲያልቅ እሱ ፈረመና መዝገቡ መጀመሪያ እኔ ጋ መጣ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። የማስተዳድረው ቤት እኔም አለኝ።

«ብርቅዬ ያልጻፈችውን አልፈርምም» አልኩና መዝገቡን ለገሜዳ አሳለፍኩት።

ገሜዳም ሳይፈርም አሳለፈው። ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጡት ጁወይሪያም፣ ነገሬም እንዲሁ። መዝገቡ ክፍሉን ዞሮ ዞሮ የአማኑን ፊርማ ብቻ ይዞ እሱው ፊት ተመለሰ። አማኑ ወደ ብርቅዬ ገፋው።

ብርቅዬ መነጽሯን አደረገች። አዲስ ገጽ ገለጠችና መጀመሪያ እኔ ያልኩትን ከነስሜ ጻፈች።