ለአንዲት ምሳ ያህል ጌታ

ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ እኔ ለአንዲት ምሳ ያህል የእንግሊዝ ጌታ ነበርኩ።

ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ በኋላ አንኮበር ጭር ብላ ነበር። እኔ እዚያው በአንድ ደጃዝማች ግቢ፣ የዳቦ ክፍሉን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዳቦውን ከአይጥና ከሎሌ እጠብቃለሁ። ሎሌዎቹም ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር «ዳቦ ጠባቂው!» እያሉ ይሳለቁብኛል።

አንድ ቀን አማርኛ የሚሞካክር እንግሊዛዊ በእንግድነት መጣ። ምሳ ላይ ሥራዬን ጠየቀኝ። ዳቦ ጠባቂ መሆኔን ስነግረው ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«በአገሬ ጌታን ሎርድ እንለዋለን» አለ። «በጥንቱ ቋንቋችን ትርጉሙ ዳቦ ጠባቂ ነው።»

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ምን ያስቃል? እኔማ ኩታዬን እንደ መኳንንት አጣፍቼ ሎሌዎቹን ቁልቁል አየኋቸው። ቀና ስል ግን ደጃዝማቹ ትክ ብለው ያዩኛል።

«እንግዲያ ጌታው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«ኧረ ጌታዬ! በእንግሊዝ አገር ብቻ!»

«ቁልፉን አምጣ። ጌትነቴን ለማንም አልሰጥም» ብለው ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው አንገታቸው ላይ አጠለቁት።

ባለቤታቸው፣ እመቤቴ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እስቲ እኔስ? እመቤትን ምን ትሏታላችሁ?» ብለው እንግዳውን ጠየቁት።

«ሌዲ!» አለ ደስ ብሎት። «እሱም የመጣው ከዳቦ ነው። ትርጉሙ ሊጥ አቡኪ ማለት ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። እመቤቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«የእንግዳው በቅሎ ትጫን» አሉ።