አንድ ሰው የጫነው አውቶብስ

ደብረ ታቦር መነኻሪያ ውስጥ ይሻውን የማያውቅ አልነበረም፤ የይሻው ዘመድ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ከጋፋት በእግሩ ወጥቶ፣ እንዴት እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ምድር ባቡር ተቀጠረ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በኮንትሮለርነት የሰው ትኬት ሲበሳ ኖረ። በኋላ አሮጌው ባቡር ሥራ ሲያቆምና ሚስቱም በዚያው ዓመት ስትሞትበት፣ ልጅም አልነበራቸውም፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ፊሽካ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የወንድሙ ልጆች ጋፋት ላይ ተቀበሉት። ወግ ነውና በግ አርደው ተቀበሉት። ዓይናቸው ግን ከእግሩ ላይ አልነቀል አለ፤ ማሳውን እየረገጠ እስከየት እንደሚሄድ ያያሉ። መሬት ሊካፈለን መጣ ብለው ፈርተው ኖሯል። "እኔ መሬት አልፈልግም" ሲላቸው እፎይ አሉ፤ እፎይ ካሉ በኋላ ከዓመት በዓል በቀር አልጠሩትም። እሱም መነኻሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ገባ። ድሬ ሳለ "ጎንደሬው" ሲባል የኖረ ሰው፣ አገሩ ሲገባ "ድሬው" ተባለ። ምን ይደረግ!

ሥራ ያገኘው በመንግሥት አውቶብስ ላይ ነው። አውቶብሱ ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በገሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ነፋስ መውጫ ይደርሳል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ይመለሳል፤ ከሰዓትም ይህንኑ መንገድ እንደገና ይደግመዋል። ይሻው ትኬት ቆራጭ ሆኖ ሲቀጠር የባቡሩን ሥርዓት እንዳለ ተሸክሞ ገባበት። ሚኒባሶቹ "ሞላ! ሞላ! አንድ ሰው የቀረው!" እያሉ ሰውን ሁለት ሰዓት ሲያስቀምጡት፣ እሱ ሰዓቱን አይቶ ፊሽካውን ይነፋል። ሞላ አልሞላ ጉዳዩ አይደለም።

"ኧረ ጋሼ፣ ዐሥር ሰው እንኳ አልሞላም!" ይለዋል ሾፌሩ ሙሉቀን።

"ባቡር ሰው አይጠብቅም።"

"ይሄ እኮ አውቶብስ ነው!"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

ከተማው ሳቀበት፤ አውቶብሱንም "ባቡሩ" ብሎ ሰየመው። እውነቱን እንናገር ከተባለ የድሬ ሰዎችም ቢሰሙ በሳቁ ነበር፤ ያ ባቡራቸው በሰዓቱ ስለመድረሱ ማንም ምሎ አያውቅምና። ይሻው ይህን ሲያነሡበት "መነሣት የእኛ ነው፣ መድረስ የእግዜር ነው" ይላል። ደግሞ ተሳፋሪውን ሁሉ "እርስዎ" ነው የሚለው። እናቱ ጀርባ ላይ ያለውን ሕፃን ሳይቀር። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ከክምር ድንጋይ ወዲህ፣ ጉና ሥር፣ መንገዱ ዳር ብቻውን የቆመ አንድ የኮሶ ዛፍ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከዚያ ዛፍ ሥር አንዲት ሴት ትሳፈራለች። የሺ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ገብስና ድንች አምራች ናት። ልጇ ትዝታ ዓረብ አገር ሠርታ ታማ ተመልሳ፣ ደብረ ታቦር ጠበል ገብታ ነበር። የሺ ለልጇ ስንቅ ታደርሳለች፤ በሶ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች። ከሰዓት በዚያው አውቶብስ ትመለሳለች፤ ከብቶቿን የሚያስገባላት ሌላ ሰው የለማ።

ገና ስትወጣ፣ ትኬቱን እንኳ ሳትቀበል፣ "አያ ይሻው፣ እንዴት ሰነበቱ? በሉ?" ትለዋለች።

"በሥራ ሰዓት አይበላም፣ እሜቴ። እርስዎ ይቀመጡ።"

እሷ አትሰማውም። ከስንቁ አንድ ድንች አውጥታ እጁ ላይ ታደርግለታለች። እሱም ዘወር ብሎ ልጦ ይበላል። በቃ፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ይኸው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ይሻውን "በላህ?" ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ይህችን አንዲት ቃል ለመስማት ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ ቀን ይቆጥር ነበር። ይወዳት ነበር፤ ምን ይደበቃል? ሊነግራት አስቦም ያውቃል፤ ኮሶው ጋ ሲደርሱ አፉ ይታሰራል፣ ደብረ ታቦር ሲገቡ ይፈታል፤ ያን ጊዜ እሷ ወርዳ ሄዳለች።

በዚያ ሰሞን አንድ ወሬ መጣ፤ የባቡር ሐዲድ በአገራችን ሊያልፍ ነው የሚል። ሐዲዱ የለ፣ ድንጋዩ አልተፈለጠ፣ መነኻሪያው ግን ባቡሩ የመንግሥት ይሁን የባለሀብት ብሎ ለሁለት ተከፍሎ ሊደባደብ ደረሰ። ላም አለኝ በሰማይ! ፍረድ ብለው ወደ ይሻው መጡ፤ ባቡር የሚያውቅ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል?

"የመንግሥት ይሁን" አለ። "ባለሀብት ትርፍ ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም። ግን ትርፍ የሌለበት ጣቢያ ሁሉ ሰው የለበትም ማለት አይደለም።"

ባለሱቁ ጥላዬ "የመንግሥትማ ከሆነ መስኮቱ ሲሰበር በካርቶን ይደፈናል፤ እንዳንተ አውቶብስ" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነትም የአውቶብሱ አንድ መስኮት በካርቶን የተደፈነ ነበር።

ባቡሩ ወሬ ሆኖ ቀረ። የአውቶብሱ ጉዳይ ግን እውነት ሆኖ መጣ፤ በመንግሥት እጅ ይቆይ ወይስ ለግል ባለቤት ይተላለፍ የሚል ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሞላ። ጥላዬ ተነሥቶ ስለ ካርቶኑ፣ በየወሩ ስለሚሰበረው ሞተር ተናገረ፤ አልዋሸም። አንድ አስተማሪ "መንግሥት ከተወው ገጠሩን ማን ሊያየው ነው?" አለ። ተጨበጨበለት። ነገሩ እኩል ለእኩል ሆኖ ሳለ ይሻው እጁን አወጣ። ከባቡር ቤት የቀረችውን የደንብ ልብስ ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነው የመጣው።

"እኔ አንድ ነገር ብቻ ልመስክር" አለ። "ይህ አውቶብስ በዐሥር ዓመት አንድ ቀን ሰዓቱን አሳልፎ አልተነሣም። ባለፈው ፍልሰታ፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ፣ ከነፋስ መውጫ ባዶውን ተነሣ። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ጫንን። እሷን ብቻ ይዘን ደብረ ታቦር ገባን!"

መድረኩ ላይ የተቀመጠው ሰብሳቢ ብዕሩን አነሣ።

"አንድ ሰው ነው ያሉት፣ አባቴ?"

"አዎን! አንድ ሰው!" አለ ይሻው፣ ደረቱን ነፍቶ።

"ስድሳ ወንበር ባለው አውቶብስ?"

"ለአንድ ሰውም ቢሆን በሰዓቱ!"

ሰብሳቢው ጻፈ። "አመሰግናለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልገን አይመስለኝም" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይሻው ሳቁን የደስታ መሰለው፤ እየተመረቀ እንደሆነ ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። ነገሩ የገባው ከአዳራሹ ሲወጡ፣ ጥላዬ ትከሻውን መታ አድርጎ "ዛሬስ ከእኔ በላይ ተናገርህልኝ" ሲለው ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ያን ዕለት ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ አመሸ፤ ባቡር ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ያኮራው ነገር እዚህ መሳቂያ እንደሚሆን ማን በነገረው!

በመጨረሻዋ ማክሰኞ ለየሺ ሊነግራት ፈለገ። "ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ የአውቶብሱ ሰዓት አይታወቅም" ከማለት በቀር አልወጣውም።

"ለምን?" አለችው።

"ባለቤት ሊቀይር ነው።" እኔ ነኝ ያጠፋሁት ማለት አቃተው።

አዲሱ ባለቤት አውቶብሱን ቀለም ቀባው፤ መስኮቱን በመስታወት ተካው፤ ቴፕ አስገባለት። ሙሉቀንን በሾፌርነት አስቀረው። የይሻው ቦታ ላይ ግን "ሞላ ሞላ" የሚል ጎረምሳ ረዳት ቆመ። ከዚያ ወዲያ አውቶብሱ የሚነሣው ሲሞላ ነው። ይሻው ሦስት ማክሰኞ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አሳለፈ፤ አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሰዓቱን ያያል፣ ደግሞ ይተወዋል። በአራተኛው ማክሰኞ አላስችል አለው። ጠዋት ነፋስ መውጫ ወጥቶ፣ እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጦ፣ በመልሱ አውቶብስ መስኮት ዳር ተቀመጠ። እስኪሞላ ሲጠብቁ አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ፊሽካው ኪሱ ውስጥ ነበረች።

ኮሶው ሲታይ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። የጉና ብርድ ካፊያውን ይዞ ወርዷል። የሺ ዛፉ ሥር ቆማለች፤ ጋቢዋ ርሷል፣ ስንቋን በሁለት እጇ አቅፋለች። እጇን አነሣች። ሙሉቀን ጥሩምባውን ነፍቶ አለፋት።

"አቁም እንጂ! አላየሃትም?" አለ ይሻው።

"ሞልቷል፣ ጋሼ። ትራፊኩ ገሳይ መግቢያ ላይ ቆሟል፤ አንድ ትርፍ ቢያገኝብኝ መንጃ ፈቃዴ መሄዱ ነው። ሦስቱን ማክሰኞም እንዲሁ አለፍኳት። ደስ ብሎኝ መሰለዎት?"

ሦስት ማክሰኞ! እሱ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሰዓት ሲያይ፣ እሷ እዚህ ቆማ ኖሯል። ልጇም እዚያ ስንቅ ስትጠብቅ። ይሻው ተነሥቶ ቆመ።

"ወራጅ አለ!"

"የት?" አለ ረዳቱ።

"እዚሁ!"

"እዚህ ምን አለዎት? ቤት የለ፣ ሰው የለ!"

"ወራጅ አለ አልኩህ!"

ሙሉቀን በመስታወቱ አየውና ገባው፤ ዳር ይዞ ቆመ። ይሻው ወረደ። የሺ በጭቃው እየሮጠች ደረሰች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አያ ይሻው! በሕይወት አሉ? ታመው ነው እያልኩ… በሉ?"

"ግቢ፣ የሺ" አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ "እርስዎ" ሳይላት። "ወንበሩ መስኮት ዳር ነው። ልጅሽ ትጠብቅሻለች።"

"አንቱስ?"

"እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ።"

ረዳቱ ቸኩሏል፤ ክንዷን ይዞ አስገባት። እንደምንም ብላ አንድ ድንች ይሻው እጅ ላይ አደረገች። በሩ ተዘጋ። ሦስት ማክሰኞ መንገዱ ዳር የቆመች ሴት ናትና ይህን መንገድ አሁን ከእሱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። አዲሱን መስታወት ገፍታ አንገቷን አወጣች።

"የትኛው የሚቀጥለው?" አለችው።

ይሻው ፊሽካውን ከኪሱ አውጥቶ ነፋ። ሙሉቀን ተነሣ።

ኮሶው ሥር ሄዶ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመ። ሁለት ሚኒባስ መጣ፤ እጁን አነሣ፤ ሁለቱም ሞልተው ነበርና አለፉ። ድንቹ በረዶ ሆኗል። ልጦ በላው።