«ማን ነው የመታሽ?»

ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ዕለቱን የማልረሳው ግራ ክንዴ ላይ ጠባሳ ስለተወልኝ ብቻ አይደለም፤ ሊገድሉኝ የነበሩት ሰው ዛሬም ታካሚዬ ስለሆኑ ነው።

በጅቡቲ ከተማ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነርስ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት አረጋውያን የቀድሞ ወታደሮችን በየቤታቸው ያክማል፤ የየትኛው ሠራዊት አባል እንደነበሩ አይጠይቅም። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ድንበር ተሻግረው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ፈረንጅ ቤት ምግብ ከምታበስለው ልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖራሉ። የስኳር ሕመም ቀኝ እግራቸውን ክፉኛ አቁስሎት ነበር። ሐኪሞች እግሩን ስለመቁረጥ መነጋገር ከጀመሩ በኋላ፣ በየቀኑ በማጠብና በማሸግ መዳን የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

ጎረቤታቸው አቶ ጉሌድ ደግሞ የሶማሊያ ወታደር ነበሩ። በኦጋዴን ጦርነት ተማርከው ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት ታስረዋል፤ አማርኛቸውን የተማሩት ከጠባቂዎቻቸው ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሲነካከሱም ይውላሉ።

«ምርኮኛው፣ አምልጠህ መጣህ?» ይላሉ ሃምሳ አለቃ።

«እኔስ ከዘመዶቼ ጋር ነኝ። አንተን ስደተኛውን ማን ጠራህ?» ይመልሳሉ አቶ ጉሌድ።

ሃምሳ አለቃ አንድ ደንብ ነበራቸው። ማንም የበራቸውን መጋረጃ ገልጦ አይገባም፤ ከውጭ ስሙን ተናግሮ «እለፍ» እስኪባል ይቆማል። እኔም ደንቡን አክብሬ ኖሬያለሁ። በዚያ ቀን ግን ደጋግሜ ብጣራ መልስ አጣሁ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ራሳቸው እንደሚወጉ ስለማውቅ ዝምታው አሰጋኝ። ገባሁ።

አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። የልብ ምታቸውን ለመዳሰስ ጣቶቼን አንገታቸው ላይ አሳረፍኩ።

ዓይናቸው ተከፈተ፤ እኔን ግን አላዩኝም። አንገቴን ያዙ። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው እንደዚያ ያለ ጉልበት ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ተያይዘን ከአልጋው ወደቅን። ጉልበታቸውን ደረቴ ላይ ተክለው ጉሮሮዬን ጨመቁት።

«ስንት ናችሁ? ተናገር፣ ስንት ናችሁ?»

ልመልስላቸው ብል ትንፋሽ አልነበረኝም። ከቦርሳዬ የወደቀውን መቀስ በነጻ እጃቸው አነሱ። ወደ ፊቴ ሲሰነዝሩት ክንዴን ጋረድኩ፤ መቀሱ ክንዴን ቀደደው። ሁለተኛው ምት ጆሮዬ አጠገብ ሊሾው ላይ አረፈ።

አቶ ጉሌድ ጫት ከሚቅሙበት ጥላ ሥር ድምፁን ሰምተው ደረሱ። ከኋላ ሊያላቅቋቸው ሲታገሉ ሃምሳ አለቃ በክርናቸው አፋቸውን መቷቸው፤ ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ። ዓይኔ መጨለም ጀምሮ ነበር። አቶ ጉሌድ ግድግዳውን ተደግፈው ቀና አሉና ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አዘዙ።

«ሃምሳ አለቃ! ተጠንቀቅ!»

ጉሮሮዬ ተለቀቀ። ሃምሳ አለቃ በቆሰለው እግራቸው ተነስተው፣ እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ቆሙ። ከፋሻው ሥር ደም ይወርድ ነበር። አቶ ጉሌድ መቀሱን ከእጃቸው ወስደው «ዕረፍ» ሲሏቸው አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«አትፍራ፣ ሲስተር» አሉኝ አቶ ጉሌድ። አማርኛቸው ሴት በሌለችበት የተማሩት ነውና ሁሉንም እንደ ወንድ ነው የሚያናግሩት።

ያን ጊዜ ነው በርጩማው ላይ ያለውን ሳህን ያየሁት። ሰናይት ጠዋት ከድና የተወችው ምግብ አልተነካም። ፍልሰታ ጾም ገብቶ ነበር። ሃምሳ አለቃ መርፌያቸውን ተወግተው፣ ማንም ሳያውቅባቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ ኖሯል። ክንዴን ጠቅልዬ የጣታቸውን ደም መረመርኩ፤ ስኳሩ ራሳቸውን እስኪያስታቸው፣ ሕይወታቸውን እስኪያሰጋ ወርዷል። አቶ ጉሌድ ከጫታቸው ጋር የሚጠጡትን ለስላሳ አምጥተው በጉንጭ በጉንጭ አጠጣናቸው።

ቀስ በቀስ ወደ ራሳቸው ተመለሱ። አንገቴን አዩ፤ ክንዴን አዩ።

«ሲስተር፣ ማን ነው የመታሽ?»

ክራንቻቸውን ስበው ሊነሱ ሞከሩ። «ቤቴ ውስጥ ማን ነው የነካሽ? ምርኮኛ፣ ሰውየው በየት ወጣ?»

አቶ ጉሌድ የአፋቸውን ደም በሽርጣቸው ጠረጉ። «አመለጠ» አሉ። «ፈጣን ነው። ነገ እንይዘዋለን።»

ሰናይት ከሥራ ስትመለስ ሁሉን ነገርኳት። የድርጅታችንን ደንብ ታውቃለች፤ በሠራተኛ ላይ እጁን ያነሳ ታካሚ ከቤት ለቤት ሕክምና ይሰረዛል። ሕክምናው ከተቋረጠ ደግሞ እግራቸው አይተርፍም። «ወደቅሁ በያቸው፣ ሲስተርዬ» ብላ ለመነችኝ። እንደማልዋሽ፣ የጾሙንም ነገር እንደማልደብቅ ነገርኳት። ሃምሳ አለቃን አልጠላኋቸውም፤ እጃቸውን ግን እስከ ዛሬ እፈራለሁ። ቁስላቸውን ሳጥብ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ዓይኔን ከእጃቸው ሳልነቅል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊያችን፣ ጅቡቲያዊ ሐኪም፣ አብረውኝ መጡ፤ አቶ ጉሌድም ተከትለውን ገቡ። የሆነውን በሃምሳ አለቃ ፊት አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሰምተው ሲጨርሱ ሁለቱንም እጃቸውን ብርድ ልብሱ ሥር ደበቁ።

«ይሰርዙኝ» አሉ። «ሰው ከምገድል እግሬ ይቆረጥ።»

ሐኪሙ ቁስሉን መርምረው፣ ጥፋቱ የስኳሩ መውረድ እንጂ የእሳቸው ፈቃድ አይደለም አሉ። ከዚያም ውሳኔያቸውን ነገሩን፦ ሕክምናው ይቀጥላል፤ መርፌው ግን ከእንግዲህ በሌላ ሰው እጅ ይቀመጣል፤ ሃምሳ አለቃ በልተው ሳይታዩም አይሰጣቸውም። ሰናይት ገና በማለዳ ሥራ ስለምትገባ እርስ በርስ ተያየን።

«እኔ እጠብቀዋለሁ» አሉ አቶ ጉሌድ ባበጠ ከንፈራቸው።

«ምርኮኛ ሊጠብቀኝ?»

«ተራ ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

አቶ ጉሌድ የቁርሱን ሳህን ይዘው ወጡና ከመጋረጃው ውጭ ቆመው ስማቸውን ተናገሩ።

«እለፍ» አሉ ሃምሳ አለቃ።